አንድ የሥጋ ስም ከየት መጣ?

በዚህ ትምህርት የምናጠናው አንድ ቃል ነው። ቃሉ «ጎቭያዲና» ይባላል። የሩሲያ ሕዝብ ቃል ሲሆን፣ ትርጉሙ የበሬ ወይም የላም ሥጋ ማለት ነው። ሩሲያ አገር ሥጋ ቤት የገባ ሰው የበሬ ሥጋ ሲፈልግ «ጎቭያዲና ስጡኝ» ይላል። ሻጩ ይመዝናል፤ ገዢውም ከፍሎ ይሄዳል። ቃሉ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ የለም።

እኛ ግን እንጠይቃለን። ምክንያቱም የዚህ ቃል ሥር ከብዙ ቤተ መንግሥትና ከብዙ ሐውልት የበለጠ ዕድሜ አለው። 5000 ዓመት ያህል ወደ ኋላ ይሄዳል። ይህን ያህል ዘመን የቆየው በድንጋይ ተቀርጾ ወይም በብራና ተጽፎ አይደለም። ማንበብና መጻፍ የማያውቁ እረኞችና ገበሬዎች ናቸው ከአፍ ወደ አፍ፣ ከወላጅ ወደ ልጅ እያቀባበሉ እዚህ ያደረሱት።

ታዲያ ማንም ያልጻፈው ነገር ዕድሜው እንዴት ታወቀ? የዛሬው ትምህርታችን ይህ ነው። በትምህርቱ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንወቅ።

1. ስላቮች እነማን ናቸው?

ስላቮች የሚባሉት በምሥራቅና በመካከለኛው አውሮፓ፣ እንዲሁም በባልካን አገሮች የሚኖሩ ሕዝቦች ናቸው። ሩሲያውያን፣ ዩክሬናውያን፣ ቤላሩሳውያን፣ ፖላንዶች፣ ቼኮች፣ ስሎቫኮች፣ ስሎቬኖች፣ ክሮአቶች፣ ሰርቦች፣ መቄዶንያውያንና ቡልጋሮች ሁሉ ስላቮች ናቸው። ዛሬ እያንዳንዱ ሕዝብ የራሱ ቋንቋ አለው።

ከ1500 ዓመት በፊት ግን የእነዚህ ሁሉ አያቶች የሚናገሩት አንድ ቋንቋ ነበር። ይኖሩ የነበረውም ዛሬ ዩክሬን፣ ቤላሩስና ፖላንድ በሚባሉት አገሮች አካባቢ ነው። መሬት ያርሱ ነበር፤ ከብት ያረቡ ነበር። ከ500ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ወደ ደቡብ፣ ወደ ምዕራብና ወደ ምሥራቅ ተበተኑ። አንዱ ወገን ከሌላው በተራራና በወንዝ ተለየ። የአንድ እናት ልጆች ትዳር ይዘው በየአገሩ ሲሄዱ፣ የልጅ ልጆቻቸው መተዋወቅ እንደሚያቅታቸው ሁሉ፣ የስላቮችም አነጋገር ቀስ በቀስ ተለያየ።

ያንን ከመበተናቸው በፊት ይናገሩት የነበረውን ቋንቋ «የስላቮች እናት ቋንቋ» እንለዋለን። በእናት ቋንቋው የተጻፈ አንድም መጽሐፍ የለም። ያኔ ስላቮች ፊደል አልነበራቸውምና።

2. ወንድማማች ቃላት

እናቲቱ ብትሞትም ልጆቿ አሉ። የእናትን መልክ ያላየ ሰው ልጆቿን ጎን ለጎን አቁሞ ቢመለከት፣ አፍንጫዋ ምን ይመስል እንደነበር፣ ግንባሯ ምን ይመስል እንደነበር ሊገምት ይችላል። የቋንቋ ሊቃውንትም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። እስቲ የበሬ ሥጋን ስም በየአገሩ እንይ፦

በሩሲያ — ጎቭያዲና
በሰርቢያ — ጎቬዲና
በስሎቬንያ — ጎቬዲና
በቡልጋሪያ — ጎቬዥዶ
በቼክ — ሆቬዚ

አምስቱ ቃላት እንደሚመሳሰሉ ማንም ያያል። የመጨረሻው ግን ለየት ይላል። ሌሎቹ በ«ጎ» ሲጀምሩ የቼኩ በ«ሆ» ይጀምራል። ታዲያ ዘመድ ነው ወይስ ባዕድ?

ይህን ለመመለስ በመጀመሪያ ወደ ራሳችን ቋንቋ እንምጣ። አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ዐረብኛና ዕብራይስጥ የአንድ ቤተሰብ ቋንቋዎች ናቸው። ቤተሰቡ ሴማዊ ይባላል። እኛ «ስም» ስንል በዕብራይስጥ «ሼም» ይባላል። እኛ «ሰማይ» ስንል «ሻማይም» ይባላል። እኛ «ሰባት» ስንል «ሼቫ» ይባላል። ልብ በሉ! በሦስቱም ቃላት እኛ የ«ሰ»ን ድምፅ ባሰማንበት ቦታ ዕብራይስጡ የ«ሸ»ን ድምፅ ያሰማል። አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን አጋጣሚ ነው እንል ነበር። ደጋግሞ ሲመጣ ግን ሕግ ነው።

የቋንቋ ድምፅ ሲለወጥ በዘፈቀደ አይለወጥም። እንደ ወንዝ ውኃ በራሱ ቦይ ይሄዳል። ወደ ቼክ ቋንቋ ስንመለስም ይህንኑ እናገኛለን። ሩሲያውያን ተራራን «ጎራ» ሲሉ ቼኮች «ሆራ» ይላሉ። ሩሲያውያን ራስን «ጎሎቫ» ሲሉ ቼኮች «ህላቫ» ይላሉ። እንግዲህ የሌሎቹ «ገ» በቼኮች አፍ «ሀ» ሆኗል ማለት ነው። ስለዚህ «ሆቬዚ» ባዕድ አይደለም። የ«ጎቭያዲና» ወንድም ነው።

3. የሚመሳሰል ሁሉ ዘመድ አይደለም

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንጠንቀቅ። ሩሲያውያን ተራራን «ጎራ» እንደሚሉ አይተናል። እኛ ደግሞ «ጋራ» እንላለን። ትርጉሙም ድምፁም ይቀራረባል። «እንግዲያው አማርኛና የሩሲያ ቋንቋ ዘመዳሞች ናቸው!» የሚል ሰው አይጠፋም።

ይህ ስሕተት ነው። ገበያ ውስጥ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች በመልክ ሊመሳሰሉ ይችላሉ። ዘመድ ናቸው ለማለት ግን አባታቸውንና አያታቸውን መቁጠር ያስፈልጋል። በቃላትም እንዲሁ ነው። አንድ ቃል ተመሳሰለ ተብሎ ዝምድና አይቆጠርም። ስም ከስም፣ ቁጥር ከቁጥር፣ ግሥ ከግሥ እየተነጻጸረ፣ የድምፁ ለውጥ በሁሉም ላይ በሥርዓት መመለስ አለበት። «ጋራ» እና «ጎራ» ይህን ፈተና አያልፉም። መመሳሰላቸው አጋጣሚ ነው።

ስለ ቃላት አመጣጥ የሚወራ ብዙ ተረት አለ። ተረቱን ከዕውቀት የሚለየው ይህ ፈተና ነው።

4. ሥጋው ስሙን ከከብቱ አገኘ

አሁን «ጎቭያዲና»ን እንደ ቋጠሮ እንፍታው። በሩሲያ ቋንቋ አሳማ «ስቪንያ» ይባላል፤ የአሳማ ሥጋ «ስቪኒና» ነው። የበግ አውራ «ባራን» ይባላል፤ የበግ ሥጋ «ባራኒና» ነው። ፈረስ «ኮን» ይባላል፤ የፈረስ ሥጋ «ኮኒና» ነው። እኛ የበሬ ሥጋ፣ የበግ ሥጋ ስንል «የ»ን ከፊት እናስቀድማለን። ስላቮች ደግሞ «ኢና»ን ከኋላ ይቀጥላሉ። ከቃል ኋላ የሚጨመር እንዲህ ያለ ነገር ቅጥያ ይባላል።

እንግዲያው ከ«ጎቭያዲና» ላይ «ኢና»ን ብንነሳ «ጎቭያድ» ይቀራል። ይህ የከብቱ ስም መሆን አለበት። ነገር ግን የዛሬው ሩሲያዊ ላምን «ኮሮቫ»፣ በሬን «ቮል»፣ ኮርማን «ቢክ» ይላል። «ጎቭያዶ» የሚለው የጥንቱ የከብት ስም ከዕለት ተዕለት ንግግሩ ጠፍቷል። ሰው ለቆት በሄደ ቀዬ ላይ ቤቱ ፈርሶ ጉልቻው ብቻ እንደሚቀር፣ ከብቱ ስሙን ሲለውጥ የጥንቱ ስም በሥጋው ላይ ብቻ ቀረ።

ወንድሞቹ ግን አልረሱትም። ሰርቦችና ቡልጋሮች እስከ ዛሬ ቀንድ ከብትን «ጎቬዶ» ይላሉ። ቼኮችም «ሆቫዶ» የሚል ቃል አላቸው፤ ዛሬ ባለጌን ሰው ለመስደብ ነው የሚጠቀሙበት። እኛስ የማያስተውልን ሰው «ከብት!» ብለን እንሰድብ የለም? ከብት በየአገሩ ሲያገለግል ይኖራል፤ በየአገሩም ስሙ ስድብ ይሆናል።

ሁሉም ስላቮች ይህን ቃል ይዘው አልቀሩም። ፖላንዶች የበሬ ሥጋን «ቮዎቪና» ይላሉ፤ የእርሻ በሬ ከሚጠራበት ስም ያወጡት ነው። ዩክሬናውያን ደግሞ «ያሎቪቺና» ይላሉ። «ያሎቫ» ማለት የማትወልድ ላም፣ በእኛ አነጋገር መሲና ማለት ነው። ይህን ለገበሬ ማስረዳት አያስፈልግም። የምትወልደውንና የምትታለበውን ላም ማን ያርዳል? የሚያርሰውንስ በሬ ጉልበት እያለው ማን ያርዳል? ወደ ቢላዋ የምትሄደው መሲናዋ ናት። ስለዚህ ሥጋው በእሷ ስም ተጠራ። አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ግን የገበሬው የኑሮ ሂሳብ ሁሉ በውስጡ አለ።

5. ከስላቮች ወዲያ ማዶ

እስካሁን ያየነው የስላቮችን ቤት ብቻ ነው። የስላቮች እናት ቋንቋ ራሷ እህቶች አሏት።

በ1786 ዊልያም ጆንስ የሚባል የእንግሊዝ ዳኛ ህንድ አገር፣ ካልካታ ከተማ ውስጥ አንድ ንግግር አደረገ። የህንድ ጥንታዊ ቋንቋ ሳንስክሪት ከግሪክና ከላቲን ጋር በጣም እንደሚመሳሰል፣ መመሳሰሉም አጋጣሚ ሊሆን እንደማይችል፣ ሦስቱም ምናልባት ከጠፋ ከአንድ ምንጭ የተቀዱ መሆን እንዳለባቸው ተናገረ። ከእሱ በኋላ የተነሡ ሊቃውንት ነገሩን በሕግ እየፈተሹ አረጋገጡ። ይህ ሰፊ ቤተሰብ ኢንዶ-አውሮፓዊ ይባላል። የህንድ፣ የፋርስ፣ የአርመን፣ የግሪክ፣ የጀርመን፣ የእንግሊዝ፣ የስላቮችና የሌሎችም ብዙ ሕዝቦች ቋንቋዎች በውስጡ አሉ።

እስቲ የላምን ወይም የበሬን ስም በዚህ ቤተሰብ ውስጥ እንፈልግ፦

በሳንስክሪት — ጋው
በፋርስ — ጋቭ
በአርመን — ኮቭ
በላትቪያ — ጎቭስ
በጥንታዊ ግሪክ — ቡስ
በጀርመን — ኩህ
በእንግሊዝ — ካው

የስላቮቹ «ጎቭ» ከላትቪያው፣ ከፋርሱና ከህንዱ ጋር አንድ መሆኑ ወዲያው ይታያል። የግሪኩ «ቡስ»ና የእንግሊዙ «ካው» ግን እንዴት ዘመድ ይሆናሉ? አንዱ በ«በ»፣ ሌላው በ«ከ» ነው የሚጀምረው።

እንደ ልማዳችን ሌላ ቃል እንጨምርና እንፈትሽ። በሳንስክሪት «ጋም» ማለት መሄድ ነው። በግሪክ «ባይኖ» ማለት እሄዳለሁ ነው። በእንግሊዝ «ካም» ማለት መምጣት ነው። እዚህም ህንዱ በ«ገ»፣ ግሪኩ በ«በ»፣ እንግሊዙ በ«ከ» ይጀምራል። አሁንም ሕግ ነው።

የዚህ ሕግ ምክንያት ለአማርኛ አንባቢ ከሌላው ይልቅ ይቀለዋል። በእኛ ፊደል «ጐ» እና «ጓ» የሚባሉ አሉ። «ጓሮ»፣ «ጓዳ» ስንል ድምፁ ከጉሮሮ ተነሥቶ ከንፈራችንን ያሞጠሙጣል። የጥንቱም ድምፅ እንዲህ ነበር። ህንዶች፣ ፋርሶችና ስላቮች የከንፈሩን ሥራ ትተው የጉሮሮውን «ገ» ያዙ። ግሪኮች ጉሮሮውን ትተው ከንፈራቸውን ገጠሙ፤ «በ» ሆነ። ጀርመኖችና እንግሊዞች ድምፁን አጠንክረው «ከ» አደረጉት። ስለዚህ የጥንቱ ቃል «ጐውስ» ወደሚል የሚጠጋ ነበር ማለት ነው።

የቋንቋ ሊቃውንት እንዲህ ያለውን ቃል ሲጽፉ ከፊቱ ትንሽ ኮከብ ያደርጉበታል። ኮከቡ «ይህ ቃል ተጽፎ አልተገኘም፤ በማነጻጸር የተደረሰበት ነው» ማለት ነው። *ጐውስ ተብሎ ይጻፋል። የስላቮቹም የሥጋ ስም *ጎቬንዲና ተብሎ በኮከብ ይጻፋል።

6. ከተሜው የላሙን ስም ከገጠር ወሰደ

አንድ ጥያቄ ይቀራል። የሮማ ሰዎች ቋንቋ ላቲን ላምንም በሬንም «ቦስ» ይላል። በላቲን ሕግ ግን ያ የጥንቱ «ጐ» ወደ «ወ» ነው የሚለወጠው። ለምሳሌ ግሪኩ «ባይኖ» ያለው፣ እንግሊዙ «ካም» ያለው ቃል በላቲን «ዌኒዮ» ነው፤ እመጣለሁ ማለት ነው። እንዲያ ከሆነ የላሙም ስም በ«ወ» መጀመር ነበረበት። ለምን በ«በ» ጀመረ?

መልሱ ይህ ነው። በሮማ ዙሪያ ይኖሩ የነበሩ ሌሎች የጣልያን ሕዝቦች ያንን የጥንት ድምፅ «በ» ብለው ነው የሚጠሩት። የሮማ ሰዎች የከብቱን ስም ከእነሱ ወሰዱ። እኛ «መኪና»ን ከጣልያንኛ እንደወሰድን ማለት ነው። እንዲህ ያለው ቃል የውሰት ቃል ይባላል። በኋላ ብዙ አገር የገዛችው ሮማ የላሟን ስም እንኳ ከጎረቤቶቿ ተበድራለች።

7. ከብቱ በገበሬው ደጅ፣ ሥጋው በጌታው ገበታ

ከዚሁ ከላቲኑ «ቦስ» የፈረንሳዩ «በፍ» ወጣ። በ1066 ከፈረንሳይ አገር ከኖርማንዲ የተነሡ መኳንንት እንግሊዝን ወጉና ያዙ። ገዢዎቹ የሚናገሩት ፈረንሳይኛ ነበር። የእንግሊዝ ገበሬ በራሱ ቋንቋ መናገሩን ቀጠለ።

ከጊዜ በኋላ የሆነውን ተመልከቱ። የእንግሊዝ ቋንቋ ዛሬ በግጦሽ ላይ ያለችውን ላም «ካው» ይላል። ሥጋው ሲሆን ግን «ቢፍ» ይላል። «ካው» የገበሬው ቃል ነው። «ቢፍ» ከጌቶች ገበታ የመጣው የፈረንሳዩ ቃል ነው። ከብቱን የሚያበላው፣ የሚያጠጣው፣ በብርድ በረት የሚያድረው አንዱ ሆነ፤ ሥጋውን በብዛት የሚበላው ሌላው ሆነ። የቋንቋው መከፈል ይህንን የኑሮ መከፈል ይዞ ቀረ።

የሚገርመው ግን «ካው» እና «ቢፍ» ሁለቱም ከዚያው ከጥንቱ *ጐውስ የተወለዱ መሆናቸው ነው። አንዱ በገበሬው መንገድ፣ ሌላው በሮማና በፈረንሳይ ዞሮ እዚያው ተገናኙ። የሩሲያው «ጎቭያዲና»ም ሦስተኛው ዘመዳቸው ነው። በሩሲያና በሰርቢያ ግን ሥጋው ስሙን የወሰደው ከሌላ አገር ገበታ አይደለም። እዚያው አገር ከሚታወቀው ከከብቱ ስም ነው።

8. ቃሉ ምን ይነግረናል?

*ጐውስን የተናገሩት ሰዎች ዜና መዋዕል አልጻፉም። ንጉሣቸው ማን እንደነበር አይታወቅም። ብዙዎቹ ሊቃውንት ይኖሩ የነበረው ከጥቁር ባሕር በስተ ሰሜን ባለው ሰፊ የሣር ሜዳ ነው ይላሉ። ከ5000 እስከ 6000 ዓመት ገደማ በፊት መሆኑ ነው።

ቢሆንም ቃላቸው ስለ ኑሯቸው ይመሰክራል። የላም ስም ስለነበራቸው ላም ያውቁ ነበር። ቀንበርን በሳንስክሪት «ዩጋ»፣ በላቲን «ዩጉም»፣ በእንግሊዝ «ዮክ»፣ በጥንታዊ ስላቭ «ኢጎ» ይሉታል። አራቱም በሕግ የሚገናኙ ወንድማማቾች ናቸው። ስለዚህ ሳይበተኑ በፊት ቀንበር ነበራቸው፤ በሬ ይጠምዱ ነበር። ማረስን በላቲን «አራሬ»፣ በሊቱዌንያ «አርቲ»፣ በስላቮች «ኦራቲ» ይሉታል። ስለዚህ እርሻም ያውቁ ነበር።

ነገሥታት ታሪካቸውን በሐውልት አስቀረጹ። እነዚህ ገበሬዎች ቀንበራቸውንና በሬያቸውን የጠሩበት ቃል ብቻ ነው የቀረው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚባለው ለሰው ነው፤ ለበሬም ሠርቷል።

9. ፊደል ምን ጠቀመ?

በ863 ቄርሎስና መቶድዮስ የሚባሉ ሁለት ወንድማማቾች ሞራቪያ ወደሚባል የስላቮች አገር ሄዱ። የተወለዱት በተሰሎንቄ ከተማ ነው። ቄርሎስ ለስላቮች ቋንቋ የመጀመሪያውን ፊደል ቀረጸ። መጻሕፍትም ወደ ስላቮች ቋንቋ መተርጎም ጀመሩ። ብዙ ተቃውሞ ተነሣባቸው። «የእግዚአብሔር ቃል በዕብራይስጥ፣ በግሪክና በላቲን ብቻ እንጂ በባላገር ቋንቋ እንዴት ይጻፋል?» የሚሉ ነበሩ። ወንድማማቾቹ ግን ሥራቸውን አልተዉም።

የእነሱ ሥራ ለእኛም ቃል ምስክር ሆነ። በዚያ ዘመን ስላቮች በአፍንጫ የሚነገር አንድ የ«ኤ» ድምፅ ነበራቸው፤ «ኤን» ወደሚለው ይጠጋል። ለዚህ ድምፅ ብቻ የሚሆን ፊደል ተቀረጸለት። በጥንታዊ መጻሕፍት የከብቱ ስም በዚህ ፊደል «ጎቬንዶ» ተብሎ ተጽፏል። ከዚያ በኋላ ሩሲያውያን ድምፁን «ያ» አደረጉት፤ ሰርቦች «ኤ» አደረጉት። ሥጋን በጠቅላላው የሚጠሩበትም ቃል እንዲሁ ነው፦ በሩሲያ «ሚያሶ»፣ በሰርቢያ «ሜሶ»። ፖላንዶች ግን ዛሬም በአፍንጫቸው «ሚየንሶ» ይላሉ። ሩቅ ያለው ሳንስክሪትም ሥጋን «ማንሳ» ይላል። እንግዲህ ጥንታዊው ፊደል፣ ፖላንዱና ህንዱ ሦስቱም አንድ ቃል መሰከሩ።

እኛም ዘንድ ይህን የመሰለ ነገር አለ። ብዙ ሰው ፊደል ሲማር «ንጉሡ ሠና እሳቱ ሰ ድምፃቸው አንድ ነው፤ ሁለቱ ለምን አስፈለጉ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዛሬ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ነው። በጥንቱ ግዕዝ ግን የተለያየ ድምፅ ነበራቸው። «ሥጋ» የሚለው ቃል ራሱ በንጉሡ ሠ ይጻፋል። ድምፁ ከአፍ ከጠፋ በኋላ ፊደሉ በብራና ላይ ምስክር ሆኖ ቀረ ማለት ነው።

10. የገበሬውን ቃል የሰበሰቡ

ያም ሆኖ የተማሩ ሰዎች የገበሬን አነጋገር ለብዙ ዘመን ሲንቁ ኖረዋል። ሰርቢያ ውስጥ መጽሐፍ የሚጻፈው ገበሬው በደንብ በማይሰማው የቤተ ክህነት ቋንቋ ነበር። ቩክ ካራጂች የሚባል ሰው ይህን ለወጠ። ቩክ በ1787 ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። ፊደል ያስቆጠረው ዘመዱ ነው። ሰው እንደሚናገር ይጻፍ፤ እንደተጻፈም ይነበብ የሚል መመሪያ ይዞ ተነሣ። በ1818 የሰርቦችን መዝገበ ቃላት ቪየና ከተማ አሳተመ። 26,270 ቃላት ነበሩበት። ቃላቱን የለቀመው ሕዝቡ በየቀዬው ከሚናገረው ነው።

የቤተ ክህነትና የመንግሥት ሰዎች አጥብቀው ተቃወሙት። በእሱ አጻጻፍ መጽሐፍ ማተም ሰርቢያ ውስጥ ታገደ። የቀረው እገዳ ፈጽሞ የተነሣው በ1868 ነው። ቩክ የሞተው በ1864 ስለሆነ ይህን አላየም።

በሩሲያም ቭላዲሚር ዳል የሚባል ሐኪም ከ40 ዓመት በላይ የሕዝቡን ቃላት ሰበሰበ። ከገበሬ፣ ከወታደር፣ ከእጅ ባለሙያ የሰማውን ሁሉ ይጽፍ ነበር። መዝገበ ቃላቱ ከ1863 እስከ 1866 በ4 ጥራዝ ታተመ፤ 200,000 ያህል ቃላት ይዟል። እነዚህ ሰዎች ባይጽፉት ኖሮ ብዙው ቃል ከሽማግሌዎች ጋር በተቀበረ ነበር። የቃላትን ዝምድና የሚያጠኑ ሊቃውንትም የሚያነጻጽሩት ባጡ ነበር።

ማጠቃለያ

«ጎቭያዲና» የሥጋ ስም ነው። ውስጡ ሲፈታ የስላቮች ከብት፣ የህንድ ላም፣ የግሪክ በሬ፣ የእንግሊዝ ገበሬና የጌታው ገበታ ይገኙበታል። ይህን ሁሉ ተሸክመው ያመጡት ፊደል ያልቆጠሩ ሰዎች ናቸው። ፊደል አለማወቅ ዕውቀት አለመኖር እንዳልሆነ ይህ ቃል ያስተምረናል። ነገር ግን በአፍ ብቻ ያለ ነገር ሊጠፋ ይችላል። ሩሲያዊው የከብቱን የጥንት ስም እንደረሳው ማለት ነው። በጽሑፍ የተያዘ ግን ከተናጋሪው በኋላም ይመሰክራል።

እናንተ የእርሻ ዕቃውን፣ የሣሩን ዓይነት፣ የከብቱን መልክና ጠባይ የምትጠሩባቸው ቃላት አሏችሁ። ከእነዚህ ብዙዎቹን የከተማ ሰው አያውቃቸውም። አሁን እርሳስ በእጃችሁ ነው። ጻፏቸው።

የቃላት ፍቺ

ሥርወ ቃል — አንድ ቃል የተነሣበት የመጀመሪያ ቃል
እናት ቋንቋ — በዚህ ትምህርት፣ ሌሎች ቋንቋዎች የተወለዱበት የጥንት ቋንቋ
ቅጥያ — በቃል ኋላ የሚጨመርና ትርጉም የሚለውጥ ክፍል
የውሰት ቃል — ከሌላ ቋንቋ የተወሰደ ቃል

የመወያያ ጥያቄዎች

1. «ጎቭያዲና» ማለት ምን ማለት ነው? የትኛው ክፍል የከብቱ ስም፣ የትኛውስ ቅጥያ ነው?
2. ዩክሬናውያን የከብትን ሥጋ በመሲና ስም የጠሩት ለምን ይመስላችኋል?
3. «ካው» እና «ቢፍ» የሚሉት ቃላት ስለ ጥንት የእንግሊዝ ገበሬ ኑሮ ምን ይነግራሉ?
4. በላቲን «አራሬ» ማለት ማረስ ነው። በአማርኛ «አረሰ» እንላለን። ሁለቱ ዘመድ ናቸው ብሎ ለመናገር መመሳሰላቸው ብቻ ይበቃል? ምን ተጨማሪ ማስረጃ ያስፈልጋል?
5. በአካባቢያችሁ ሽማግሌዎች የሚያውቋቸውን፣ ልጆች ግን የማያውቋቸውን 10 ቃላት ከነትርጉማቸው ጻፉ። በሚቀጥለው ትምህርት ለጓደኞቻችሁ አንብቡላቸው።